«ቀኑ ደርሶ ነው»፦ የፍሬን ጥገናና የሰው ኃላፊነት

የፍሬን ጥገና የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያስነሳው ጉድለቱ ሥራው ካለቀ በኋላ ከዓይን ስለሚሰወር ነው። የተበላሸ ቀለም ለሁሉም ይታያል፤ የተንገጫገጨ ሞተርም ለሁሉም ይሰማል። ያረጀ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ግን ካሊፐሩ ተገጥሞ ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ የገጠመው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ይሆናል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ መካኒኩን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በአዳማም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ለቅሶ ቤት የሚነገረው ማጽናኛ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ቃሉ ለሐዘንተኛ ስንቅ ነው፤ ለጠጋኙ ግን መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል፦ የሰው ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ከሆነ ፍሬኑን በግዴለሽነት የገጠመ ሰው በምን ይጠየቃል?

ነገሩን ለመመርመር የአሮጌ ሞተር ሳይክል ዲስክ ፍሬን የተመቸ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አውጥቷል። በሃይድሮሊክ የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን በብዛት በሚመረት ሞተር ሳይክል ላይ የተለመደው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ ላይ ከዋለው ከሆንዳ ሲቢ 750 ወዲህ ነው። አሠራሩ ባጭሩ የሚነገር ነው። እጀታው ሲጨበጥ በመሪው ላይ ያለው ማስተር ሲሊንደር የፍሬን ዘይቱን ይገፋል። ፈሳሽ ቢጫኑት የማይታመቅ ስለሆነ ግፊቱ በቱቦው በኩል እንዳለ ዲስኩን ወዳቀፈው ካሊፐር፣ በውስጡም ወዳለው ፒስተን ይደርሳል። ፒስተኑ የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል፤ ጎማውም ይቆማል። እጀታው ሲለቀቅ ፒስተኑን ጥቂት ወደ ኋላ የሚስበው ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ነው፤ ሌላ ሞላ የለውም። ይህ ጎሚኒ ዘይት እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ፒስተኑንም ይመልሳል።

ዕድሜ ይህን አሠራር በሦስት መንገድ ያጠቃዋል። አንደኛው ውሃ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። የዶት 4 መለኪያ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ የሚታመቅ ስለሆነ እጀታው ባዶውን እስከ መሪው ይሄዳል። ሁለተኛው ዝገት ነው። የፒስተኑ ክሮም ይቆረቆራል፤ ጎሚኒው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥም ነጭ ቅርፊት ያድርና ጎሚኒውን ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል፣ ፒስተኑም ነክሶ ይጣበቃል። ሦስተኛው የላስቲክ እርጅና ነው። ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱን ሲሄድ አሳልፎ ሲመለስ ያግደዋል። ሦስቱም ለዓመታት በዝግታ የሚጓዙ፣ ውጤታቸው ግን በአንድ ቅጽበት የሚታይ ጉድለቶች ናቸው። በመንስኤውና በአደጋው መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው ጥፋትን ከዕጣ ፈንታ ጋር ለማምታታት የሚያመቸው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ጉድለቱን በቶሎ ያጋልጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከነጂው ጋር 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ ሲወርድ ከከፍታው የሚያገኘው ጉልበት፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከ30 ጊዜ በላይ ቢያቆሙት ከሚጠፋው ጉልበት ጋር ይስተካከላል። ከዚህ ከፊሉን ነፋስና ሞተሩ ይቀንሱታል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ከሞጆ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀው መንገድ ደግሞ ሜዳማ ነው፤ ፈተናው ፍጥነት፣ አቧራ፣ በድንገት መንገድ የሚያቋርጥ ከብትና ባጃጅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል ፍሬኑ ደህና ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ የፍሬኑ ኃይል በግማሽ ቢቀንስ ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ያድጋል። አንድ ሕፃን የሚተርፈውም የሚሞተውም በእነዚህ 20 ሜትሮች ውስጥ ነው።

የጥገናው ሂደት በቅደም ተከተል ሲታይ የተከታታይ ውሳኔዎች ስብስብ ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ዘይት ይመረመራል። መልኩ ቡና ከመሰለ ዝገትና እርጥበት ገብተውበታል። ቀጥሎ ካሊፐሩ ይፈታል፤ የነከሰ ፒስተን በፕላየር ተይዞ ሲጎተት ስለሚጫር በራሱ በዘይቱ ግፊት ቀስ ተብሎ ይወጣል። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በኮምፕረሰር አየር አይነፋም። ከዚያ ጎሚኒዎቹ ወጥተው ቦዩ እስከ ጥርት ያለ ብረቱ ድረስ ይጸዳል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ማንም አያየውም፤ አብዛኛው ስንፍናም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ፒስተኑ ከተቆረቆረ ይለወጣል። ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው፣ ከአንድ ሚሊሜትር የጠበበችው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ትከፈታለች፤ እርሷ ከተደፈነች ዘይቱ መመለሻ አጥቶ በሙቀት ሲሰፋ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ዲስኩ አምራቹ ከወሰነው ውፍረት በታች ከሳሳ ይጣላል። አዳዲስ ጎሚኒዎች በንጹሕ የፍሬን ዘይት ተነክረው ይገባሉ፤ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ ቢነካቸው አብጠው ይበላሻሉ። በመጨረሻም ከታሸገ ጣሳ አዲስ ዘይት ተሞልቶ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ አየር ይወጣል። እጀታው ለደቂቃ ያህል ጠንክሮ ተይዞ መስመጥ የለበትም፤ ሲለቀቅም ጎማው በነፃ መዞር አለበት።

አሮጌ ሞተር ሳይክል ከአዲሱ የሚለየው ዕቃው ስለማይገኝ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የታጣ ፒስተን አዳማ ውስጥ በቶርኖ ይሠራል፤ ልኩና ልስላሴው ከተጠበቀ፣ የማይዝግ ብረትም ከተመረጠ ከድሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከጎማ ላስቲክ ተቆርጦ የገባ ጎሚኒ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚይዝ፣ በሙቀትና በዘይት ደግሞ የሚሟሽሽ ነው። ሁለቱም የብልሃት ሥራ ይባሉ እንጂ በሥነ ምግባር ሚዛን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጎደለውን ዕቃ ተግባር ይመልሳል፤ ሁለተኛው ደንበኛው ሞተሩን ተቀብሎ እስኪሄድ ድረስ ያለውን ጊዜ ብቻ ይሸፍናል። በዚህ መለኪያ ድህነት ወይም የዕቃ እጥረት በራሱ ጥፋት አይሆንም። ጥፋቱ የሚጀምረው ጊዜያዊው ጥገና ዘላቂ ተብሎ ሲሸጥ ወይም ዝም ሲባልበት ነው።

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የሙሴ ሕግ የሰጠው ድንጋጌ ከፍሬን ጋር በቀጥታ የሚነጻጸር ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ሁኔታ ያነሳል። ሰውየው ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ ሆኖም ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሻል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ሰው ወግቶ የገደለ በሬን ያነሳል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ካልነበረ ባለቤቱ ነፃ ነው፤ ተዋጊነቱ ታውቆ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን በነፍሱ ይጠየቃል። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ደረጃ ይወጣላቸዋል፦ ያልታወቀ ጉድለት፣ የታወቀ ጉድለት፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ጉድለት። የለሰለሰ የፍሬን እጀታ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ለነጂው ይደርሳልና አላወቅሁም የማለት መብቱን ያሳጣዋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝሯ የያዘችው መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ነገሩን ወደ ሥሩ ይወስደዋል። በምዕራፍ 15 ሰው ስለ ጥፋቱ ፈጣሪን ምክንያት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ፈጣሪ ሰውን ለራሱ ምርጫ እንደተወውና እሳትና ውሃን በፊቱ እንዳኖረለትም ያስተምራል። በምዕራፍ 38 የብረት ሠሪውን፣ የሸክላ ሠሪውንና የሌሎችን ባለእጆች ድካም ከዘረዘረ በኋላ ጸሎታቸው በሥራቸው ውስጥ እንዳለ ይናገራል። በዚሁ ምዕራፍ ታማሚ እንዲጸልይም ወደ ሐኪም እንዲሄድም ታዝዟል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ይህ ትምህርት አዲስ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ጸበል የማስረጨትንና የመላእክት ሥዕል የመለጠፍን ልማድ አይነቅፍም፤ ወሰኑን ግን ያመለክታል። በወንጌሉ ፈታኙ ክርስቶስን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲጠይቀው የጠቀሰለት መላእክት እንደሚጠብቁ የሚናገረውን መዝሙር ነው። ክርስቶስ ግን ጥያቄውን አምላክን መፈታተን ብሎ ውድቅ አድርጎታል። የማይይዝ ፍሬን ይዞ በሥዕሉ ተማምኖ ቁልቁለት መውረድም ከዚህ ጥያቄ ብዙ አይርቅም።

በእስልምናም ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። ኸሊፋ ዑመር በሂጅራ 18ኛው ዓመት ገደማ ወደ ሶርያ ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሊመለሱ ሲሉ፣ ባልደረባቸው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሸሽ ነው የሚል ይዘት ነበረው። በዚህ አስተሳሰብ ጥንቃቄው ራሱ የቀደር (የአላህ ውሳኔ) አካል ነው፤ ፍሬኑን የፈታው እጅ ከውሳኔው ውጭ የቆመ አይደለም። ሌላው ሰብሳቢ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በነገር ሁሉ ማሳመር መታዘዙ ተነግሮ፣ ምሳሌው የአራጁን ቢላዋ እስከ መሳል ይወርዳል። ቁርአን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 በስህተት የገደለ አማኝ ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዲከፍልና የንስሐ ግዴታ እንዲፈጽም ያዝዛል። ሰውየው መግደልን አላሰበም፤ ያም ሆኖ የሚከፍለው አለበት።

በኦሮሞ የዋቄፋና እምነት ሰፉ የተባለው ሥርዓት ሰው ለሰው፣ ለፍጥረትና ለዋቃ (ለፈጣሪ) የሚገባውን ክብርና ወሰን ይይዛል። ሰው በሰው እጅ ሲሞት የሚፈጸመው የጉማ ሥርዓት ደግሞ ገዳዩ አስቦም ሆነ ሳያስብ ባፈሰሰው ደም በሁለት ወገኖች መካከል የተፈጠረውን ስብራት ይጠግናል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እውነቱ ይነገራል፣ ካሳ በከብት ወይም በገንዘብ ይቆረጣል፣ በእርድ ዕርቅ ይወርዳል። በኦሮሚያ በተሽከርካሪ አደጋ የደረሰ ሞትም በዚህ መንገድ ሲሸመገል ይታያል። ሁለት ነገሮች ልብ ይባላሉ። ካሳውን የሚያዋጣው ወገን በሙሉ ስለሆነ ዕዳው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሽምግልናውም ያለ እውነት አይጀመርም። ስለዚህ ፍሬኑ መድከሙን እያወቀ የነዳ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ የሚያመልጥበት በር የለውም።

የአገሪቱ ሕግም ተመሳሳይ ክፍፍል ያደርጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል፤ እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይም ቅጣቱን ያከብዳል። መካኒክ በስም አልተጠራም፤ ሁለቱ የተጠቀሱት ግን በምሳሌነት ነው፤ የሌላውን ሕይወት በእጁ የያዘ ባለሙያ ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው ለማለት አይቻልም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ካሳን፣ የወንጀሉ ሕግ ደግሞ የአእምሮ ሁኔታን ይመለከታል።

በዘመናዊ ፍልስፍና ይህ ጉዳይ የሞራል ዕድል በሚል ርዕስ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል በዚሁ ርዕስ ሁለት ጽሑፎች አቅርበዋል። የኔግል ምሳሌ የፍሬን ጉዳይ ነው፦ ፍሬኑን በጊዜው ሳያስመረምር የቀረ የጭነት መኪና ነጂ ሕፃን መንገድ ላይ ከገባበት ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ በዚያው ቸልተኝነት የነዳ፣ ሕፃን ያልገባበት ሌላ ነጂ ግን በሰላም ቤቱ ይገባል። ሁለቱን የሚለያቸው ዕድል ብቻ ነው። ታዲያ አንዱ ከሌላው የባሰ ሰው ነው ማለት ይቻላል? ኔግል እንቆቅልሹን ክፍት ይተወዋል፤ ሰው በማይቆጣጠረው ነገር መመዘን የለበትም የሚለው ሐሳብና ሰዎች በተግባር የሚፈርዱበት መንገድ አይታረቁምና።

ከላይ የተዘረዘሩት ሥርዓቶች ግን መውጫ ያሳያሉ፤ በደልን ከዕዳ ይለያሉና። በደል የሚለካው ሰው በሚያውቀውና ማድረግ በሚችለው ነገር ነው። ሁለት መካኒኮች አንድ ዓይነት ያረጀ ጎሚኒ እያወቁ መልሰው ከገጠሙ፣ የአንዱ ደንበኛ በሰላም ቢኖርና የሌላው ቢሞት በደላቸው እኩል ነው። በደሉ የተፈጸመው ቡሎኑ በጠበቀበት ሰዓት እንጂ አደጋው በደረሰበት ሰዓት አይደለም። ዕዳ ግን በደረሰው ጉዳት ይለካል። የሞተበት ሰው ካሳ ይከፍላል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ንስሐ ይገባል፤ ያልሞተበት ይህ ሁሉ የለበትም። የምሳሩ ሰው በደል ሳይኖርበት ዕዳ አለበት፤ አደጋ ያልደረሰበት ቸልተኛ መካኒክ ዕዳ ሳይኖርበት በደል አለበት። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ስለ ሟቹ ዕድሜ ይናገራል፤ ስለ ጠጋኙ በደል የሚለው ነገር የለም። ቃሉ የሚሳሳተው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ነው።

በደሉ ታዲያ የመካኒኩ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ጎሚኒ ይለወጥ ሲባል «ጠርገህ መልሰው» የሚል ባለቤት፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዘይቱን ሳያስለውጥ ዓመታት የሚነዳ ነጂ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለእጅ ሥራ የሚሰጠው ክብርም ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ ብረት ሠሪ ጠይብና ቡዳ እየተባለ ለዘመናት ተንቋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። የተናቀ ሙያ ኅሊና አያፈራም ማለት አይቻልም፤ ሕይወትን የሚያህል አደራ ተቀብሎ ለጽዳቱ ሰዓት የማይከፈለው መካኒክ ግን ቦዩን ሳያጸዳ እንዲገጥም ይገፋል። አደራውን የሚጭን ማኅበረሰብ ዋጋውንም የመክፈል ግዴታ አለበት።

ከዚህ የሚወጡት የተግባር ደንቦች ጥቂት ናቸው። መካኒክ ያልጨረሰውን ወይም በጊዜያዊነት የሠራውን ለባለቤቱ በግልጽ ይናገራል፤ ዕቃ ካልተገኘም ፍሬኑን ገጥሞ አያስረክብም። የወጣውን አሮጌ ጎሚኒና ፒስተን ለደንበኛው ያሳያል፤ የተሰወረውን ሥራ ለሌላ ዓይን የሚገልጠው ይህ ነው። ባለቤቱ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስለውጣል፣ ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና ቢመስልም ይለውጣል። ነጂው እጀታው ከለሰለሰበት ቀን ጀምሮ ሞተሩን ያቆማል። ጸሎቱም ጸበሉም ዱዓውም ከዚህ በኋላ ቦታቸውን ያገኛሉ። የሰው ቀን መቼ እንደሚደርስ የማወቅ ኃላፊነት ለማንም አልተሰጠም፤ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ የማወቅ ኃላፊነት ግን ለሠሪውም ለነጂውም ተሰጥቷል።